ማታ ማታ የሚመጡት ጣቢያዎች፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ሲጨልም በኤኤም ሬዲዮ ሩቅ አገር ያሉ ጣቢያዎችን መያዝ እንደሚቻል በአንድ አንቀፅ ነካ አድርገን አልፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ሙሉ ገፅ የሚፈልግ ሆነ። ስለዚ የዛሬውን አምድ ለሱ ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። ቀን ላይ ኤኤም ስከፍት ሁለት ሶስት ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ማታ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል፣ አረብኛ አለ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ቋንቋ አለ፣ ዘፈን አለ። ጣቢያዎቹ ማታ ማታ ብቻ ነው እንዴ የሚሰሩት? (ማዞሪያው ነኝ)

መልስ፦ ኧረ ቀንም ይሰራሉ ወንድሜ፣ መንገዱ ስለሚዘጋባቸው ነው እንጂ። ምን መሰለህ፣ ከኤኤም ማሰራጫ የሚወጣው ሞገድ በሁለት መንገድ ነው የሚሄደው፣ አንዱ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ሰማይ ይወጣል። የመሬቱ ቀንም ማታም አለ፣ እንደ ጣቢያው ጉልበትና እንደ መሬቱ አይነት መቶ ምናምን ኪሎሜትር ወይ ከዛ በላይ ይደርሳል፣ ጨዋማ ባህር ላይ ከሆነ በጣም ይርቃል፣ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ ይደክማል። ቀን የምትሰማቸው ሁለት ሶስቱ እነዚህ ናቸው።

ጨዋታው ያለው ወደ ሰማይ የወጣው ላይ ነው። ከመሬት ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ዲ የሚባል ንብርብር አለ፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ሲያላቅቅ የሚፈጠር ነው። እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ገና ወፈር ያለ ስለሆነ ሞገዱ ያንቀጠቀጣቸው ኤሌክትሮኖች ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይሩታል፣ በቃ እዛው ተውጦ ይቀራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ተመልሰው ይገጣጠማሉ፣ ዲ ይጠፋል። ያኔ ሞገዱ ከዛ በላይ ወዳሉት ንብርብሮች ማለትም ወደ ኢ (100 ኪሎሜትር ገደማ) እና ወደ ኤፍ (ከ200 ኪሎሜትር በላይ) ይደርሳል፣ እነሱ ደሞ አጥፈው ወደ መሬት ይመልሱታል። አንዴ ታጥፎ ሲወርድ ከማሰራጫው አንድ ሺ ሁለት ሺ ኪሎሜትር ርቆ ሊያርፍ ይችላል፣ መሬት ወይ ባህር ነክቶ እንደገና ከወጣ ደሞ ውቅያኖስ ሁሉ ይሻገራል። ኤፍኤም ላይ ይሄ የማይሆነው ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ እነዚህን ንብርብሮች ብዙውን ጊዜ በስቶ ወደ ህዋ ስለሚያልፍ ነው።

ታሪኩም ደስ ይላል። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ጣሊያናዊ ማርኮኒ በ1901 መጨረሻ አትላንቲክን ያቋረጠ ምልክት ተቀበልኩ ሲል ሰው ግራ ገባው፣ ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው መሬት ደሞ ክብ ናት፣ እንዴት ሆኖ? በ1902 አሜሪካ ሆኖ ኬኔሊ፣ እንግሊዝ ሆኖ ሄቪሳይድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ላይ የሆነ የሚመልሰው ነገር መኖር አለበት አሉ። በ1924 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አፕልተን የቢቢሲን ማሰራጫ ተጠቅሞ መኖሩን በልኬት አሳየ፣ በ1947 ኖቤል አገኘበት። አንተ ማታ ማታ ማዞሪያህን ስታሽከረክር የምትሰማው እሱ የለካውን ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የሬዲዮዬን አንቴና እስከ መጨረሻው መዝዤ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ አስሬ በመስኮት አወጣሁት፣ ኤፍኤሙ ጠራ፣ ኤኤሙ ግን ምንም ለውጥ የለውም። ተበላሽቶ ነው? አዲስ ልግዛ? ከገዛሁስ የቱን? (ሽቦ አሳሪዋ)

መልስ፦ አትግዢ። ያ የሚመዘዘው ዘንግ በአብዛኛው ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ላይ ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ብቻ ነው የተገናኘው፣ ከኤኤሙ ጋር አይተዋወቁም። ሬዲዮሽን ከጀርባው ብትከፍቺው የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ዘንግ ታያለሽ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ፌራይት ይባላል፣ የኤኤም አንቴናሽ እሱ ነው። እና እሱ ከየትም አቅጣጫ እኩል አይሰማም፣ ወገቡን ለጣቢያው ሲሰጥ በደንብ ይቀበላል፣ ጫፉን ሲያዞርበት ይደነቁራል።

አሁኑኑ ሞክሪው። ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ የቅርብ ጣቢያ ያዢና ሬዲዮውን ራሱን፣ ማዞሪያውን ሳይሆን፣ ቀስ እያልሽ ሙሉ ዙር አዙሪው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ ሲወድቅ ትሰሚያለሽ። የሚገርመው ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ብታዞሪውም ለውጡ አይታወቅም፣ የሚጠፋበት ቦታ ግን በጣም ጠባብ ነው፣ የፀጉር ያህል ካለፍሽው ይመለሳል። ብዙ ሰው ሬዲዮውን ድምፁ እስኪጎላ ድረስ ብቻ አዙሮ ይተወዋል፣ እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ማጥፋቱ ነው ባይ ነኝ። አንድ ብርቱ ጣቢያ ቦታውን ይዞ ሲያስቸግርሽ ጫፉን ታዞሪበትና ትሰውሪዋለሽ፣ ከስሩ ተደብቆ የነበረው ደካማ ጣቢያ ብቅ ይላል። በዛ ላይ ድምፁ የጠፋ ጊዜ ዘንጉ የሚያሳየው መስመር ጣቢያው ያለበት አቅጣጫ ነው፣ ወይ ከፊቱ ወይ ከኋላው። ከሰማይ በሚወርደው የማታ ሞገድ ላይ መስመሩ ትንሽ ይደበዝዛል ግን ይረዳል።

ከዚህ በላይ ከፈለግሽ ገንዘብ ሳይሆን ግማሽ ቀን የሚፈልግ ነገር አለ፣ ሉፕ አንቴና። ጎኑ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ትሰሪና ዙሪያውን ስምንት ዙር ያህል የተሸፈነ ሽቦ ትጠመጥሚበታለሽ፣ ዙሮቹ ትንሽ ትንሽ ተራርቀው። የሽቦውን ሁለት ጫፍ ከድሮ የተበላሸ ትልቅ ሬዲዮ ላይ ከተነቀለ፣ ጣቢያ ሲቀየር ከሚዞረው ተለዋዋጭ ካፓሲተር ጋር ታገናኛለሽ (365 ፒኮፋራድ አካባቢ ያለው ጥሩ ነው፣ የትንንሾቹ ሬዲዮ ፕላስቲኩ ሙሉውን ባንድ፣ ማለትም ኤኤሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ላይሸፍን ይችላል)። አለቀ። ከሬዲዮሽ ጋር በምንም ሽቦ አይገናኝም፣ አጠገቡ ብቻ ታቆሚውና የሬዲዮው ፌራይት በፍሬሙ መሃል እንደሚያልፍ አድርገሽ ታስተካክያለሽ። ከዛ ካፓሲተሩን ስታዞሪ የሆነ ቦታ ላይ ሹርርታው በድንገት ያብጣል፣ ጣቢያው ከውስጡ ይወጣል። መጀመሪያ ሲሰማሽ እውነት አይመስልሽም፣ ባትሪ የለውም፣ ማጉያ የለውም፣ ሽቦ ብቻ እኮ ነው።

መግዛትሽ ካልቀረ ደሞ ስለ ብራንድ አትጨነቂ፣ ውስጡ ያለው ፌራይት ረዘም ያለ መሆኑን፣ የሚቀበለውን ስፋት ማጥበብ የሚያስችል ቁልፍ እንዳለውና የጣቢያ ቁጥር ሲቀየር በ1 ኪሎኸርዝ እየተራመደ መሄድ መቻሉን እይ፣ ሌላው ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በወጣትነቴ ማታ ማታ በዚችው ሬዲዮ ስንት ሩቅ ጣቢያ ስሰማ ኖሬ አሁን ዝዝዝዝ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የላትም። እርጅና ነው? የሷ ማለቴ ነው። (አባ ጥሞና)

መልስ፦ አባባ፣ ሬዲዮዎ ደህና ነች፣ ያረጀው ሰላሙ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ የነበረው አምፖልና ምናልባት አንድ ምድጃ ነው፣ አሁን ሁሉም ነገር ውስጡ የመብራቱን ኃይል ለእቃው የሚመጥን አድርጎ የሚቀይር ትንሽ ፓወር ሰፕላይ አለው፣ እሱም በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሰራው፣ የዛ ትራፊ ድምፅ ልክ ኤኤም ባንድ ላይ ይወድቃል። የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን፣ የመብራት ማደብዘዣ፣ ሁሉም ወንጀለኞች ናቸው።

እንዲህ ያድርጉ። ሬዲዮዋን በባትሪ ድንጋይ ያሰሯት፣ በኤሌክትሪክ ገመድ አይደለም። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ድምፅ ከፍ ያድርጉና ቆጣሪው ጋር ሄደው ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉት (ቤተሰቡን አስፈቅደው)። ዝዝታው ከጠፋ ጠላት ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ከዛ መብራቱን መልሰው እቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ያድኑት። ሬዲዮዋን ይዘው ወደየእቃው ጠጋ ሲሉ ድምፁ የሚያብጥበት ላይ ይደርሳሉ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ስልክ ያልተሰካበት ሶኬት ላይ የተረሳ ርካሽ ቻርጀር ሆኖ ይገኛል። መብራቱ ጠፍቶም ዝዝታው ካለ ከጎረቤት ወይ ከመንገድ መስመር ነው የሚመጣው፣ ያኔ ያለው መፍትሄ መሸሽ ነው፣ ሬዲዮዋን ይዘው ከቤት ሃምሳ እርምጃ ያህል ቢርቁ ልዩነቱ ይገርምዎታል። ሜዳ ላይ የቆመች መኪና ውስጥ ያለ ሬዲዮም ሞተሩ ጠፍቶ ሲሆን ግሩም ነው። ውድ ሬዲዮ ጫጫታ ውስጥ ጫጫታውን ነው አጥርቶ የሚያሰማው።

ጥያቄ፦ ዲጂታል ሬዲዮዬ ጣቢያ ፈልግ ስለው ኤኤም ላይ ምንም ሳይቆም ያልፋል፣ በእጅ ስሄድም ሁሉም ጣቢያ የተኮላተፈ ነው። (ዲጂታሉ)

መልስ፦ እርምጃው ነው። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ጣቢያዎች በ10 ኪሎኸርዝ ልዩነት ነው የተደረደሩት፣ ከ530 እስከ 1700። ሌላው አለም በ1975 ጄኔቫ ላይ በተስማማው መሰረት በ9 ነው የሚሄደው፣ 531፣ 540፣ 549 እያለ እስከ 1602። ሬዲዮህ 10 ላይ ተደርጎ ከሆነ 873 ላይ ያለውን ጣቢያ 870 ላይ ቆሞ ነው የሚሰማልህ፣ ለዛ ነው የሚኮላተፈው። 9 እና 10 የሚለውን ማስተካከያ ፈልግ፣ ከጀርባው ወይ ባትሪ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ማንሸራተቻ ትሆናለች፣ አንዳንዱ ላይ ሬዲዮው ጠፍቶ እያለ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቆይቶ ነው የሚቀየረው። የትኛው አለም ውስጥ እንዳለህ ለማወቅ ቁጥሩን ለ9 አካፍለው፣ 873 ለ9 ሲካፈል 97 ነው ያለ ትራፊ።

በነገራችን ላይ ይሄ ልዩነት ለሩቅ ጣቢያ አዳኝ ጥሩ ነው። ውቅያኖስ ማዶ ያለ የአሜሪካ ጣቢያ 1010 ላይ ቢሆን በወዲህ በኩል ያሉት 1008 እና 1017 ላይ ስለሆኑ መሃላቸው ላይ ብቻውን ይቆማል። ሁለቱ አሰላለፎች የሚገናኙት በየ90 ኪሎኸርዙ ብቻ ነው፣ 540፣ 630፣ 720 እያለ፣ እዛ ላይ ግን ይተራመሳሉ።

ጥያቄ፦ ጣቢያው ጥርት ብሎ መጥቶ ዜናው ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰምጣል፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ሲመለስ ሌላ ጣቢያ ሆኖ ነው የሚመለሰው! ደሞ አንዳንዴ ድምፁ ሳይቀንስ ሰውየው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። (ዜናው ያመለጠኝ)

መልስ፦ ሁሌም ዋናው ቦታ ላይ ነው የሚጠፋው፣ እሱን ማንም አልፈታውም። ቀሪውን ግን እናውቃለን። ሞገዱ ወደ አንተ የሚደርሰው በአንድ መንገድ አይደለም፣ አንዱ በኢ ታጥፎ፣ አንዱ በኤፍ ታጥፎ፣ አንዱ ሁለቴ ዘሎ ይመጣል፣ የተጓዙት ርቀት ስለሚለያይ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ አንዳንዴ ይጣፋሉ፣ ንብርብሮቹ ደሞ አይረጉም፣ ከፍ ዝቅ ሲሉ ሚዛኑ ይቀያየራል። የውሃ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥህ ጣቢያው ድምፁን የተሸከመበት ዋናው ሞገድ ብቻ ተነጥሎ ሲሰምጥ ነው፣ ጎንና ጎኑ ያለው ድምፅ ሳይጎዳ። ሬዲዮህ ሲንክ የሚል ቁልፍ ካለው ያኔ ነው የሚጠቅመው፣ የጠፋውን ሞገድ ራሱ ሰርቶ ይተካዋል።

ሌላ ጣቢያ ሆኖ መመለሱ ግን በረከት ነው። አንድ ቁጥር ላይ በተለያየ አገር ብዙ ጣቢያ አለ፣ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ይነሳል፣ አንድ ቁጥር ላይ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ባንዱን እየሮጠ ከሚያስሰው የበለጠ ያገኛል።

ከዚህ የባሰ ጉድ ልንገርህ? በ1933 ቴሌገን የሚባል የኔዘርላንድስ ኢንጂነር የስዊዘርላንዱን የቤሮሙንስተር ጣቢያ እያዳመጠ ከስሩ የራዲዮ ሉክሰምበርግን ፕሮግራም ሰማ፣ ሁለቱ ጣቢያዎች ግን በባንድ እንኳ አይገናኙም፣ አንዱ መካከለኛ ሞገድ (ይሄ ኤኤም የምንለው) ነው፣ አንዱ ከሱ በታች ያለው ረጅም ሞገድ። ለካ የሉክሰምበርጉ ማሰራጫ ከመጠን በላይ ብርቱ ስለነበር ከላዩ ያለውን ንብርብር እያሞቀና እያቀዘቀዘ በዛ የሚያልፈው የሌላው ጣቢያ ሞገድ ላይ ድምፁን እያተመበት ነው። ዛሬም የሉክሰምበርግ ክስተት ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ቁልጭ ብላ እያለች 593 አካባቢ አንድ ጣቢያ ያዝኩ፣ ሬዲዮ ላይ ተፅፎ የማላውቀው ቦታ ነው። ሪከርድ ሰበርኩ? (ሪከርድ ሰባሪው)

መልስ፦ ወንድሜ እንዳታዝንብኝ፣ አሁን 1503 ላይ ሂድና ስማ። ያው ሰውየ፣ ያው ዘፈን ነው አይደል? ብዙ ሬዲዮ የሚቀበለውን ሞገድ ወደ 455 ኪሎኸርዝ ቀይሮ ነው ውስጡ የሚሰራው፣ እና አንዳንዱ ሬዲዮ በተለይ ቀለል ያለው ከቆመበት ቁጥር በ910 (ማለትም ሁለት ጊዜ 455) ከፍ ብሎ ያለውን ብርቱ ጣቢያ ተሳስቶ ያስገባዋል። የቅርብህ ብርቱ ጣቢያ ጥላ ነው ያየኸው። ሌላም ጥላ አለ፣ አንድ ጣቢያ ቁጥሩ እጥፍ ላይ ደከም ብሎ ይሰማል፣ 600 ላይ ያለው 1200 ላይ ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሩቅ ጣቢያ ያዝኩ የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማወራው የሂሳብ ነው፣ ጨካኝ ሆኜ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ ጣቢያ ሰምቼ የማን እንደሆነ እንዴት ነው የማውቀው? ቋንቋውን አላውቀውም። ደሞ ጣቢያዎች ሰምተናችኋል ብለው ለፃፉ ሰዎች ካርድ ይልካሉ የሚባለው እውነት ነው? (ካርድ ፈላጊዋ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ ኪው ኤስ ኤል ካርድ ይባላል፣ ድሮ በፖስታ ነበር አሁን አብዛኛው በኢሜይል ነው፣ መልስ የማይሰጡም አሉ። ግን የመጀመሪያው ጥያቄሽ ነው ቁም ነገሩ። እኔ ጋር ያለው ህግ አንድ ነው፣ ስሙን ካልሰማሽ አልያዝሽውም። "አረብኛ ነበር 900 ምናምን ላይ" የሚለው መያዝ አይባልም፣ መስማት ነው።

ጣቢያዎች ስማቸውን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ሲሞላ ይናገራሉ፣ ስለዚ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጅሽን ከማዞሪያው አንሺና ጠብቂ። ቲት ቲት የሚለውን የሰዓት ምልክት፣ ከሱ በፊት የምትመጣዋን አጭር ዜማ፣ ከዜናው በፊት የሚጠራውን ስም በስልክሽ ቅጂው፣ ቋንቋውን ባታውቂም የከተማ ስምና ቁጥር ደጋግመሽ ስትሰሚው ይገለጥልሻል። የአሜሪካ ጣቢያዎች ስማቸው በአብዛኛው ከደብሊው ወይ ከኬ ይጀምራል፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምስራቅ ደብሊው ምዕራብ ኬ፣ ጥቂት የድሮ ጣቢያዎች ከዚህ ህግ ውጪ ናቸው። የሙስሊም አገር ጣቢያ ከሆነ ደሞ የመግሪብ አዛን የሚሰማው ለዛ አካባቢ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ደቂቃውን መዝግበሽ ፀሐይ በዛ ሰዓት የት የት እየጠለቀች እንደነበር ብታዪ ካርታ ላይ መስመር ይሰጥሻል። እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው።

የጠረጠርሽው ጣቢያ ካለ ኢንተርኔት ላይ ቀጥታ ስርጭቱን ከፍተሽ አነፃፅሪ፣ የኢንተርኔቱ ከሬዲዮው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ደቂቃ፣ ስለዚ አንድ ላይ ካልሄዱ ብለሽ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ።

ካርድ ለመጠየቅ ስትፅፊ ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት)፣ ቁጥሩን፣ ምን ሬዲዮና አንቴና እንደተጠቀምሽና ከሁሉም በላይ ምን እንደሰማሽ ፃፊ፣ "ሙዚቃ ነበር" ማለት ማስረጃ አይሆንም፣ "ከዜና በኋላ ወንድና ሴት ስለ እግር ኳስ ሲያወሩ የእነ እገሌ ስም ተጠራ" ይሆናል። ጥራቱን በሲንፖ ይገልፁታል፣ አምስት ቁጥር ናት፣ የምልክቱ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ መግባት፣ ጫጫታ፣ ማሽቆልቆሉና ጠቅላላው፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፣ 5 ከሁሉ የተሻለው። ሁሉንም 55555 ብለሽ አትላኪ፣ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።

በኢንተርኔት የሰው ሬዲዮ እየዘወርኩ ብሰማስ ያሉኝ አሉ፣ ለምሳሌ ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሪሲቨር ለሁሉም ክፍት ነው። ለመማር ወደር የለውም፣ ባንዱ ማታ ሲሞላ በአይንሽ ታይዋለሽ። ግን በሱ የያዝሽውን ከራስሽ ሬዲዮ ጋር አትደምሪው፣ ጣቢያውን የያዘው እዛ ያለው አንቴና ነው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ወር ነው ጥሩ የሚሆነው? ባለፈው ሳምንት ድንቅ ነበር በዚህ ሳምንት ምንም የለም። (ተስፋ የቆረጠ)

መልስ፦ መንገዱ በሙሉ ጨለማ ውስጥ መሆን አለበት፣ ከማሰራጫው እስከ አንተ። ስለዚ አመሻሽ ላይ መጀመሪያ የሚመጡት ከአንተ ምስራቅ ያሉት ናቸው፣ እነሱ ጋር ቀድሞ መሽቷል። ምዕራቦቹ እነሱ ጋር ሲመሽ ይደርሳሉ፣ ንጋት ላይ ደሞ ምስራቆቹ ቀድመው ይሞታሉ፣ ምዕራቦቹ አንተ ጋር እስኪነጋ ይቆያሉ። በጣም የሚጣፍጠው ፀሐይ ልትወጣ ወይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አንዳንድ ጣቢያ ለሩብ ሰዓት ብቻ አብጦ ይመጣና ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻ ሞክረህ የለም ካልክ አልሞከርክም።

ሌሊቱ የሚረዝምበት ወቅት ይሻላል፣ መብረቅ የሚበዛበት ወቅት ይከፋል፣ ምክንያቱም የመብረቁ ቋቋታ ራሱ በዛው በሰማይ መንገድ ከሩቅ ይመጣል። የአንተ ሳምንት ግን የፀሐይ ስራ ሳይሆን አይቀርም። ከፀሐይ የተወረወረ ነገር የመሬትን ማግኔት ሲያናውጥ በዋልታዎቹ አቅራቢያ የሚያልፈው መንገድ ለቀናት ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ሰሜን ያሉ ሰዎች ከደቡብ የሚመጡ ያልተለመዱ ጣቢያዎችን የሚይዙበት ጊዜም ነው። ኬ ኢንዴክስ የሚባል፣ የዚህን የማግኔት መናወጥ መጠን የሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 9 የሚሄድ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ታያለህ፣ 0 ወይ 1 ሆኖ ቀናት ከሰነበተ ሬዲዮህን አዘጋጅ። በ11 ዓመቱ ዑደት ደሞ ፀሐይ ዝም ያለችበት ዘመን ለኤኤም ጥሩ ነው፣ ከአጭር ሞገድ ሰዎች ጋር የማንስማማው በዚህ ነው፣ እነሱ ስትቆጣ ነው የሚወዷት።

ጥያቄ፦ ጣቢያዎቹ እየተዘጉ አይደል? ዘንድሮ መጀመር የሞተ ነገር መከተል አይሆንም? (ተጠራጣሪዋ)

መልስ፦ እየተዘጉ ነው፣ አልዋሽሽም። የጀርመንና የፈረንሳይ የህዝብ ጣቢያዎች በ2015 መጨረሻ ከመካከለኛ ሞገድ ወጡ፣ የአየርላንዱ አርቲኢ የመጨረሻ የረጅም ሞገድ ማሰራጫውን (252 ላይ የነበረውን) በ2023 ዘጋ። የመብራት ወጪው ከባድ ነው፣ ሰሚው ወደ ስልክ ሄዷል። እና አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ሲንሲናቲ ያለው ደብሊው ኤል ደብሊው በ500 ኪሎዋት ለጥቂት ዓመታት ሲሰራ የነበረው አይነት ጉልበት አሁን እዛ አገር የለም፣ ጣሪያው 50 ኪሎዋት ነው።

ግን አንድ ነገር እይ፣ ብርቱዎቹ ሲዘጉ ቦታው ባዶ አይሆንም። በነሱ ስር ለአስርት ዓመታት ተቀብረው የነበሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ብቅ አሉ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ለአዳኝ ከበፊቱ ይሻላል፣ ያኔ ትላልቆቹን መስማት ምንም ችሎታ አይፈልግም ነበር። በ1921 ታህሳስ ፖል ጎድሊ የሚባል አሜሪካዊ መርከብ ተሳፍሮ ስኮትላንድ አርድሮሳን ድረስ ሄዶ፣ ብርድ ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ የአሜሪካ አማተሮችን ደካማ ምልክት ውቅያኖስ ተሻግሮ ሰምቷል፣ ያኔ ባንዱ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ለሱ ያልሞተበት ለአንቺም አልሞተም፣ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ በጆሮ ማዳመጫ ይሻላል ወይስ በስፒከር? ሰው እየቀሰቀስኩ ነው። (ሹክሹክታ)

መልስ፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ ያለ ጥርጥር፣ ለተኛው ሰው ብቻ ሳይሆን ለአንተም። ጫጫታ ውስጥ የተደበቀ የጣቢያ ስም በስፒከር ያልፍሃል። ሞኖ ሬዲዮ ላይ ስቴሪዮ ማዳመጫ ስትሰካ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሰማህ ደሞ ማዳመጫው አልተበላሸም፣ ሶኬቱን ትንሽ ሳብ አድርገው ወይ ሞኖ የሚያደርግ ትንሽ አዳፕተር ፈልግ። ድምፁን ግን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ከደካማው ጣቢያ ወደ ቅርቡ ድንገት ስትሻገር ጆሮህን ይበጥሰዋል፣ መብረቅም እንደዛው ነው። ብሉቱዝ ያለውን ተወው፣ የራሱን ዝዝታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።